ዕድሜ የጻፈው፣ ፀሐይ የጻፈችው

የፊት መሸብሸብን ያዘገያል የተባለ ክሬም መቀባት ከንቱነት ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ ሥሩ ጠለቅ ይላል። አንዱ ወገን «እግዜር የሰጠውን ዕድሜ መደበቅ ምን የሚሉት ነው?» ይላል፤ ሌላው «ገላን መንከባከብ ምን ነውር አለው?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ሽብሽቡን ሁሉ የአንድ እጅ ሥራ አድርገው ስለሚያዩት ክርክሩ አይቋጭም። ፊት ላይ የሚጽፉት ግን ሁለት ናቸው፤ አንዱ ዕድሜ፣ ሌላዋ ፀሐይ። ፍርዱም እንደ ጸሐፊው መለየት አለበት።

ሸጎሌ ካለው የአውቶቡስ ዴፖ ማለዳ የሚወጣ ሾፌር የሚቀመጠው በግራ በኩል ነው፤ የመስኮቱ ፀሐይም ግራ ጉንጩን ትመታዋለች። በ2012 እ.ኤ.አ. ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የተባለው የሕክምና መጽሔት ለ28 ዓመታት የዕቃ ማመላለሻ መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አውጥቶ ነበር። የሰውዬው ግራ ፊት ቆዳው ወፍሮ፣ ከቀኙ እጅግ በበለጠ ተጨማድዷል። ሁለቱም ጉንጮች የኖሩት እኩል 69 ዓመት ነው፤ የለያያቸው መስታወት የማያግደው አልትራቫዮሌት ኤ የተባለው ጨረር ነው። ጥቁር ቆዳ በሜላኒን ስለሚጠበቅ ይህን ጉዳት ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም። አዲስ አበባም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የጨረሩ ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

በክሬሞቹ ውስጥ ያሉት አንቲኦክሲዳንቶች የሚሠሩት በዚችው በሁለተኛዋ ጸሐፊ ላይ ነው። ጨረሩ ቆዳ ውስጥ ኤሌክትሮን የጎደላቸው፣ ካገኙት ሁሉ የሚነጥቁ ሞለኪውሎችን ይፈጥራል፤ ቆዳን ወጥሮ የያዘው ኮላጅንም ይፈርሳል። ቫይታሚን ሲና ቫይታሚን ኢ ለነጣቂዎቹ የራሳቸውን ኤሌክትሮን ይሰጣሉ። ኢ ሰጥቶ ሲደክም ሲ ይተካለታል፤ ሲ ራሱ ግን ያልቃል። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ክዳኑ ላልቶ የሰነበተ የቫይታሚን ሲ ሴረም መጀመሪያ እንደ ውሃ የጠራ ቢሆንም ቢጫ ይሆናል፣ ቆይቶም እንደ ሻይ ይጠቁራል። ቆዳን ከእርጅና ይጠብቃል የተባለው እሱው በብልቃጡ ውስጥ አርጅቷል። የሚጠብቀው ራሱን እየሰጠ ስለሆነ ዘላለማዊነትን ከእሱ መጠበቅ ባሕርዩን አለማወቅ ነው። «አንቲኦክሲዳንት በበዛ ቁጥር ይበጃል» የሚለው ተስፋም ተፈትኖ ወድቋል። በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመው የፊንላንድ ጥናት ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት በክኒን የወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል።

«ቅባት ሁሉ ከንቱ ነው» ለሚሉ መልሱ ከራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ይገኛል። ክርስቶስ የሚጾመውን ሰው ፊቱን እንዲታጠብና ራሱን እንዲቀባ አዞታል፤ የነቀፈው ታይታን ነው። ዳዊትም ዘይትን ፊት ከሚያበሩ የእግዚአብሔር ስጦታዎች ይቆጥረዋል። እንግዲህ ፀሐይ የጎዳችውን ቆዳ መጠበቅ የሚያፈስ ጣሪያን እንደ መክደን ያለ አደራ ነው። ዕድሜ የጻፈውን ለመፋቅ መታገል ግን ሌላ ነገር ነው። አዛውንት ሲመጡ ከመቀመጫችን የምንነሣው ስለኖሩት ዘመን ነው፤ የዘመኑን ምልክት እንደ ነውር የሚሸጥልን ማስታወቂያ ያንን ክብር ይሸረሽራል።

«መስታወት ፊት ቆሞ የትኛው መስመር የማን እንደሆነ ማን ይለያል?» የሚል ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። በርግጥ መስመር በመስመር መለየት አይቻልም። ፀሐይ እምብዛም ያላየችውን የክንድ ውስጠኛ ገጽ ከእጅ ጀርባ ጋር ማስተያየት ግን ግምት ይሰጣል። የሚሠራውን ነገር በቅደም ተከተል ማድረግም ይቻላል፤ መጀመሪያ ጥላ፣ ቀጥሎ ክሬም። አውስትራሊያ ውስጥ በ903 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የፀሐይ መከላከያ በየቀኑ የተቀቡት ሰዎች የቆዳ እርጅና በፈለጉ ጊዜ ብቻ ከተቀቡት በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። አስቀድሞ መከላከል የተጻፈውን ከመፋቅ ይቀላል። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ ለምትወርደው እናት ጥላው ሰፊ ባርኔጣ ሊሆን ይችላል፤ ለሾፌሩ የመስኮት መጋረጃ። የእነሱ ፊት ላይ ፀሐይ የጻፈችው የድካማቸው ምስክር ነው፤ ምስክርነቱን ማክበርና ጉዳቱን መቀነስ አይጋጩም። ባርኔጣውንና መጋረጃውን ሳያስቡ ስለ ክሬም ከንቱነት መስበክ ግን ስብከቱን ራሱን ከንቱ ያደርገዋል።