አበዳሪው ስለ ጢሱ ይጠየቃልን?

አንድ ሰው ለጎረቤቱ ገንዘብ አበደረ እንበል። ጎረቤቱም በብድሩ ምድጃ ሠራ፤ የምድጃው ጢስ በሦስተኛው ሰው ቤት ገብቶ ልጆቹ ያስሉ ጀመር። በዚህ ጉዳት የሚጠየቀው እሳቱን ያነደደው ብቻ ነውን? ወይስ አበዳሪውም ጭምር?

እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 2021 የቻይናው ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ባደረጉት ንግግር፣ አገራቸው ከእንግዲህ በውጭ አገር በድንጋይ ከሰል የሚሠራ አዲስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ እንደማትገነባ፣ ታዳጊ አገሮችም ንጹሕ ኃይል እንዲያገኙ እንደምትረዳ ገለጡ። ደቡብ ኮሪያም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የመንግሥት ገንዘብ መስጠት እንደምታቆም አስታውቃ ነበር።

የግብረ ገብ መምህራን ክፉውን በቀጥታ በሚሠራውና በሚተባበረው መካከል ልዩነት ያደርጋሉ። ተባባሪው ያዋጣው ነገር ለሥራው አስፈላጊ በሆነ መጠን ድርሻውም ይከብዳል። በዚህ መለኪያ የአበዳሪው ድርሻ ቀላል አይደለም። በኬንያ የባሕር ጠረፍ፣ በላሙ ሊሠራ የታሰበውን 1,050 ሜጋዋት የከሰል ማመንጫ እንመልከት። የአገሪቱ የአካባቢ ጉዳይ ፍርድ ሸንጎ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2019 ፈቃዱን ሰረዘ፤ ኋላም ገንዘቡን ሊያቀርብ የነበረው የቻይና ባንክ እጁን ሰበሰበ፤ ማመንጫውም ሳይሠራ ቀረ።

እንግዲህ የተሰጠው ቃል መልካም ነው። ይሁን እንጂ «አዲስ» እና «በውጭ አገር» በሚሉ አጥሮች የታጠረ ነው። ቻይና በዓለም ከሚነደው የድንጋይ ከሰል ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ራሷ ታነዳለች፤ ከ2021 ወዲህም በገዛ ምድሯ ብዙ አዳዲስ ማመንጫዎችን መሥራት አላቋረጠችም። በጎረቤት ደጅ ያቆሙትን በገዛ ጓሮ መቀጠል ግብዝነት ነው የሚል ይኖራል። እኔ በዚህ ፍርድ አልቸኩልም፤ ክፋቱን በከፊል የተወ ሰው ገና ጻድቅ ባይባልም የተወው ነገር በእውነት ተትቷል።

ይልቅስ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው። በዚምባብዌ፣ በሁዋንጌ፣ በቻይና ብድር የተሠሩት ሁለት የከሰል ማመንጫ ክፍሎች፣ በድምሩ 600 ሜጋዋት፣ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ከቃሉ በፊት የተጀመሩ ስለነበሩ አልተቋረጡም። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2022 መጨረሻ፣ የካሪባ ሐይቅ ውኃ ጎድሎ የአገሪቱ ሕዝብ በቀን ብዙ ሰዓት ያለ መብራት ይውል ነበር። ለዚያ ሕዝብ «ጢሱ ይጎዳሃል» ማለት ምንኛ ይቀላል! በተለይም መብራት በርቶለት ለሚናገር። እኛም ብንሆን፣ የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ቢሆንም፣ በገጠር ያሉ እናቶቻችን ዛሬም በማገዶና በኩበት ጢስ ዓይናቸው እየቀላ ይጋግራሉ፤ ለመውቀስ የሚያበቃ ብዙ መብት የለንም።

ስለዚህ ከሰልን መከልከል ብቻውን ንጽሕና አይሆንም። የከለከለ ምትክ ሊሰጥ ይገባዋል፤ አለዚያ ኅሊናውን ያሳረፈው በድኻው ጨለማ ነው። ምትክ እንደሚቻል በአዳማ በኩል ያለፈ ሁሉ ያየዋል፤ በኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ማመንጫዎች፣ በ2012 ሥራ የጀመረው 51 ሜጋዋትና በ2015 የተጨመረው 153 ሜጋዋት፣ በቻይና ብድር የተሠሩ ናቸው። ያውም ከቃሉ ዓመታት ቀድመው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። የከሰል ማመንጫ ከሰሉን በየጊዜው እየገዛ ይኖራል፤ የነፋስና የፀሐይ ማመንጫ ግን ነፋስና ፀሐይ ዋጋ ስለማይጠየቅባቸው ወጪው አብዛኛው በመጀመሪያ ይከፈላል። ስለዚህ ወለዱ እጅግ ይከብድበታል። በአፍሪካ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ ሀብታሞቹ አገሮች ከሚከፍሉት ሁለትና ሦስት እጥፍ ያስከፍላል። ቤተ ክርስቲያን ስለ አራጣ ለብዙ ዘመን አስተምራለች፤ ትምህርቱ ጊዜው ያለፈበት የሚመስለው ካለ፣ ለአንድ የፀሐይ ማመንጫ የሚፈረመውን የብድር ውል ገልጦ ወለዱንና የመክፈያውን ዓመት ይመልከት።