ትኬት የሚቆርጠውና የማይቆርጠው

ሮም መሐል ያለው ፓንቴዎን ከሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአንድ በር ሁለት ዓይነት ሰው ያስገባል። አንዱ ከፍሎ ትኬት ይቆርጣል፤ ሌላው ለቅዳሴ ስለመጣ በነጻ ያልፋል። ጥንታዊው የሮማውያን ቤተ ጣዖት በ609 እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፤ ዛሬም ይቀደስበታል። በር ጠባቂው ግን የሰው ልብ አይመረምርም። ከፍሎ የገባው ድንገት እንባው ሊመጣ፣ ለቅዳሴ የገባው ሰዓቱን እያየ ሊያፋሽክ ይችላል። ታዲያ ጎብኚን ከተሳላሚ የሚለየው ምንድን ነው?

ጥያቄው ለቦሌ ሰው እንግዳ አይደለም። በኤድና ሞል በኩል በታክሲ የሚያልፍ ተሳፋሪ መድኃኔዓለም ጋ ሲደርስ ያማትባል። እግረኛው ከአጥሩ ውጭ ቆም ብሎ ይሳለምና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ካቴድራሉ ከከተማዋ ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ መሆኑ በዚያች ቅጽበት ትዝም አይለው። ብዙም ሳይርቅ፣ ቦሌ አየር ማረፊያ ውስጥ፣ ለትንሣኤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ምእመናን፣ ለሐጅ የሚነሡ ሙስሊሞችና አውሮፓን ሊያዩ የሚጓዙ ሰዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ያልፋሉ።

ቀላሉ መልስ «እምነት ነው የሚለያቸው» የሚል ነው። ነገር ግን ያመነ ሁሉ ተሳላሚ አይሆንም። ልዩነቱ ዕዳ ላይ ያለ ይመስላል። ተሳላሚ ስእለት አለበት፤ ቦታው «ምን ይዘህ መጣህ?» ይለዋል። ጎብኚ በበኩሉ ቦታውን ይጠይቃል፦ ማን ሠራው? መቼ? ቁመቱ ስንት ነው? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ብዙ ቅርስ በዚህ ጉጉት ተርፏል። ሆኖም ከፍሎ ሲወጣ ሒሳቡ ተዘግቷል።

ሮም ላይ ግን ኢትዮጵያዊ ሒሳቡን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም።

ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ በባቡር የመጣ መንገደኛ ቴርሚኒ ጣቢያ ወርዶ ሲወጣ የሚረግጠው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያ ሐውልታቸውም ከዚያው አቅራቢያ ቆሟል። ፋሽስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ያስቀመጡት እዚህ መታሰቢያ ሥር ነበር። በሰኔ 1930 ዓ.ም. ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ አንበሳውን አይቶ ተንበረከከና ጸለየ፤ ሊያስነሡት ሲሞክሩ ጎራዴውን መዘዘ። ለሌላው አላፊ ሐውልቱ የከተማ ጌጥ ነበር። ዘርዓይን ግን ጠየቀው፤ መልሱንም በነጻነቱ ከፈለ፤ ከእስር ሳይወጣ በ1945 እ.ኤ.አ. ሲሲሊ ውስጥ አረፈ። አንበሳው ዛሬ ለገሃር ቆሟል።

ከቴርሚኒ ወደ ፖርታ ካፔና መውረድ ነው። አሁን የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሚገኝበት ሕንጻ ፊት ለፊት፣ 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ነበር። ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወራት ውስጥ እንድትመልስ የሚያስገድደውን የሰላም ውል የፈረመችው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። ሐውልቱ በሦስት ተቆርጦ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም የደረሰው ግን በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው፤ ውሉ ከተፈረመ ከ58 ዓመት በኋላ። የጉብኝት መመሪያዎች በኮሎሲየም ሰልፍ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ በዝርዝር ይነግራሉ። ከኮሎሲየም በእግር የሚደረስበትን፣ ሐውልቱ የተነሣበትን ይህን ቦታ ቆሞ የሚያይ ግን ብዙ አይደለም።

ይህ ጉዞን ወደ ቂም መቁጠሪያ አይለውጠውም? ቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ያለው ቤት «አይለውጠውም» ይላል። ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ለኢትዮጵያውያን ተጓዦችና መነኮሳት የተሰጠ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግእዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የወጣው እዚያው ሮም ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1513 እ.ኤ.አ. የታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮንም ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና 1549 እ.ኤ.አ. አሳትመው፣ አጽማቸው በዚህች ቤተ ክርስቲያን አርፏል። ረጅም መንገድ በእግርና በመርከብ አቋርጠው የመጡት መነኮሳት ቅዱሳን መካናትን ሊሳለሙ ቢመጡም ለጠየቃቸው ሁሉ ቋንቋቸውን አስተማሩ፤ አውሮፓም ግእዝን ከእነሱ ተማረች። ሮም ለእነሱ ማደሪያ ሰጠች፤ እነሱም ለሮም ዕውቀት ሰጡ። በዚህ በኩል ዕዳው የሁለቱም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባበትም፤ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ባሲሊካው ራሱ ትከሻና ጉልበት መሸፈንን ይጠይቃል፤ በሲስቲን ጸሎት ቤትም ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ለነጠላ ለባሽ አገር ሰው ሕጉ አይከብድም። ጫማ ማውለቅ ግን የለም፤ ይህ ለብዙ ኦርቶዶክሳዊ እግር እንግዳ ነገር ነው።

ቦታን እንዲህ የሚያይ ዓይን ለመግራት ሮም ድረስ መሄድ ግዴታ አይደለም። ከመገናኛ ወደ የካ ተራራ ሲወጣ ከቋጥኝ የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። ትውፊት ወደ አብርሃና አጽብሃ ዘመን ይመልሰዋል፤ ብዙ ተመራማሪዎች ደግሞ ዕድሜውን ወደ 12ኛውና 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀርቡታል። ከሲኤምሲ፣ ከአያት ወይም ከገርጂ ተነሥቶ ሮምን ያየ፣ ዋሻ ሚካኤልን ግን ያላየ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ለሮም ቪዛ ማመልከቻ የሚሞላ አንባቢ ቀጠሮው እስኪደርስ አንድ ጠዋት ወደ የካ ይውጣ፤ ፍልፍሉን ሲያይ ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን እሱ ራሱ ለዚህ ቦታ ምን እንዳለበትም ይጠይቅ።