ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

ብዙ ወዳጆች ያሉትን ደራሲ ገና ያላነበበ ወጣት፥ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከየትኛው መጽሐፉ ልጀምር?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን የፍርድ ነገር አለበት እላለሁ፤ ሰውን በመጀመሪያ ያወቅንበት ነገር ኋላ ስለ እርሱ የምንፈርደውን ሁሉ ይጫነዋልና።

በዓሉ ግርማን ለምሳሌ እናንሣ። ከወዳጆቹ አንዱን ምክር ብትጠይቀው «ኦሮማይን አንብብ» ይልሃል። ምክንያቱን ስትጠይቀው ግን ስለ ድርሰቱ ሳይሆን ስለ ደራሲው መጨረሻ ይነግርሃል፤ ይኸውም መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ መሰብሰቡን፥ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነቱ መነሣቱንና በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አለመመለሱን ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሊረሳም አይገባውም። ነገር ግን ስለዚህ ብቻ ብሎ መጽሐፉን የሚገልጥ ወጣት ልብ ወለድ አያነብም፤ የክስ መዝገብ ይመረምራል እንጂ። «ሰውየውን ያስጠፋው ቃል የትኛው ይሆን?» እያለ በየገጹ ሲፈልግ፥ ጋዜጠኛው ፀጋዬ በሮማንና በፊያሜታ መካከል ልቡ ሲከፈል ሳያየው ያልፋል። ደራሲውም በአሟሟቱ ብቻ የሚታወቅ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ሁለተኛ በደል ነው።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚሉ ሰዎች መጻሕፍቱን በታተሙበት ዘመን ተራ ማንበብ ይሻላል ይላሉ። መልካም ሐሳብ ነው፤ ግን እንደ ሕግ የሚያዝ አይደለም። በዓሉ በ1966 ዓ.ም. ያሳተመውን የህሊና ደወልን እንደገና ሠርቶ በ1975 ዓ.ም. ሀዲስ ብሎ አውጥቶታል። ሁለቱን ማስተያየት ድርሰትን ለሚያጠና ሰው ትልቅ ትምህርት ነው፤ ለጀማሪ ግን ድካም ነው።

እኔን የሚጠይቀኝ ወጣት ቢኖር በ1962 ዓ.ም. ከታተመው ከአድማስ ባሻገር እንዲጀምር እመክረዋለሁ። መጀመሪያ ስለታተመ አይደለም። በውስጡ ያለው አበራ ደኅና የመንግሥት ሥራ እያለው ሠዓሊ ለመሆን ልቡ የተነሣሣ ሰው ነው። ዘመድ ትዳር ያዝ ይለዋል፤ ደመወዙ በወሩ ይመጣል፤ ነፍሱ ግን አታርፍም። ይህን ጭንቀት ለመረዳት ስለ ደራሲው ሕይወት አንዳች ማወቅ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ በ1972 ዓ.ም. የወጣው ደራሲው ሊከተል ይችላል። በዚያ ያለውን ሲራክን ሰዎች ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው ይላሉ፤ ይህ ግን ለጨዋታ ነው እንጂ ለንባቡ ብዙ አይረባም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ወዳጆቹ ዘለውት የሚያልፉት መጽሐፍ ነው። በዚያው በ1972 ዓ.ም. የታተመው የቀይ ኮከብ ጥሪ አብዮቱን በተስፋ የሚያይ ድርሰት ነው። ኦሮማይን ለማወደስ የሚፋጠኑ ሰዎች ይህን ሲያነሡባቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ለምን? የሚያደንቁት ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ተቃዋሚ እንዲሆንላቸው ስለሚፈልጉ ይመስለኛል። ይህ ፍቅር ሳይሆን ሰውየውን እንደገና መጻፍ ነው። በዓሉ በከፍተኛ የመንግሥት ሥልጣን ላይ ነበረ፤ በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜም በሥራው ምክንያት አስመራ ወርዶ ነበር። ኦሮማይን የጻፈው ከውጭ ሆኖ የሚመለከት ሰው አይደለም። «ኦሮማይ» ማለት ከጣልያንኛ የመጣ የአስመራ ሰዎች ቃል ነው፤ «አበቃ፥ ከእንግዲህ ከንቱ ነው» እንደማለት ነው። ተስፋ አድርጎ የማያውቅ ሰው ቢለው ቃሉ ይቀልላል፤ ስለ ተስፋ መጽሐፍ ጽፎ ያሳተመ ሰው ሲለው ግን ይከብዳል። ስለዚህ ወጣት ሆይ፥ ኦሮማይን ከመግለጥህ በፊት የቀይ ኮከብ ጥሪን አንብብ። ላትወደው ትችላለህ፤ እኔም ከሌሎቹ አላስበልጠውም።

ኦሮማይ ቀድሞ እጅህ ገብቶ እንደሆነ ግን አትመልሰው፤ መጽሐፍ እንደልብ በማይገኝበት አገር ያገኘኸውን ማንበብ ደግ ነው። ስትጨርስ ከአድማስ ባሻገርን ፈልገህ ስለ አበራ አንብብ። ያን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ስለ 1976 ዓ.ም. ምንም አያውቅም ነበር።