ዘይት የማይቀበል መብራት

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የምናገኘው የአሥሩ ደናግል ምሳሌ ፍርዱ ግልጽ ነው። አምስቱ ዘይት አልያዙም፤ ሙሽራው ሲመጣ መብራታቸው እየጠፋ ነበር፤ ጥፋቱም የራሳቸው ሆነ። ይህ ፍርድ ትክክል የሚሆነው ግን መብራቱ ዘይት ቢያገኝ ይበራ ስለነበር ነው። ዛሬ በብስክሌት መሪና በመቀመጫ ሥር የሚታሰሩት፣ በዩኤስቢ ገመድ ቻርጅ የሚደረጉ ትንንሽ መብራቶች እንዲህ አይደሉም። ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ ባለቤታቸው የቱንም ያህል ትጉህ ቢሆን ዘይት አይቀበሉም። ታዲያ መንገድ ላይ ድንገት ሲጠፉ ተጠያቂው ማን ነው? እኔ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ቶሎ የሚያረጀውን ክፍል ብዙ ከሚቆየው ጋር አጣብቆ፣ ይህንንም ሳይናገር ለሸጠው ሠሪ ነው።

ማስረጃው ከመብራቱ ከራሱ ይገኛል። ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ በደንብ ከተሠራ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት ያገለግላል፤ የአሉሚኒየም ቀፎው ከዚያም በላይ ይቆያል። የሊቲየም ባትሪው ግን ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሞልቶ ከተራገፈ በኋላ በተለምዶ ከአቅሙ አንድ አምስተኛውን ያጣል፤ በየቀኑ ሞልቶ ለሚጨርሰው ሰው ይህ የአንድ ዓመት ወይም የአንድ ዓመት ተኩል ዕድሜ ነው። ሙቀት ያስረጀዋል። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ለረጅም ጊዜ መቀመጥም እንደዚሁ። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ ውስጡን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። የቻርጅ ቀዳዳውን የምትሸፍነውን የጎማ ክዳንም ልብ ብሎ ማየት ነው። አዲስ ሳለች ጥብቅ ብላ ትገጥማለች፤ በየምሽቱ ስትከፈትና ስትዘጋ ግን ትላላለች፣ ጠርዟም ይገለበጣል። በዚያ በኩል ዝናብና ከጎማ የሚረጭ ጭቃ ይገባል፤ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የብረት ምላሶችም አረንጓዴ ዝገት ይለብሳሉ። ያን ጊዜ ባትሪው ደህና ቢሆን እንኳ ኃይል የሚገባበት በር ተዘግቷል።

ባለቤቱ ግዴታ የለበትም አልልም፤ አለበት፤ ቀላልም አይደለም። ማድረቅ፣ ክዳኑን መግጠም፣ ለወራት የማይሠራበት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልቶ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማስቀመጥ የእሱ ሥራ ነው። ባትሪው ባዶ እንደሆነ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ መብራት ቮልቴጁ ከልክ በታች ስለሚወርድ ዳግመኛ አልሞላም ሊል ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቸልተኝነት ከአምስቱ ደናግል ጥፋት ጋር አንድ ነው። እርጅና ግን ቸልተኝነት አይደለም። ደግሞም የኋላው ቀይ መብራት ለነጂው አይታየውም፤ የሚያየው ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ነው። ነጂው መብራቱ መጥፋቱን ሳያውቅ ሊሄድ ስለሚችል፣ በማያየው ነገር ላይ ያለው እምነት በሙሉ ያረፈው በሠሪው ቃል ላይ ነው።

ቃሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይታመንም። 18650 በሚል ቁጥር የሚታወቀው፣ በብዙ የብስክሌት መብራቶች ውስጥ ያለው ባትሪ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። በዚህ መጠን ከታወቁ ፋብሪካዎች የሚወጣው የተለመደ ምርት ከ2,000 እስከ 3,600 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይይዛል፤ በገበያ ላይ ግን 9,900 የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ይሸጣል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 25 በከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ ሚዛን መያዝን ይከለክላል፤ ቁርኣንም በ83ኛው ሱራ፣ በአል-ሙጠፊፊን፣ ሰፍረው የሚያጎድሉትን ያስጠነቅቃል። ነጋዴ ጤፍ ሲሰፍር የሚያጎድለው ለዓይን ይታያል፤ ባትሪው ውስጥ የጎደለውን ግን ገዢው በቤቱ በቀላሉ ሊለካው አይችልም። ስለዚህ እዚህ ኃጢአቱ ይከብዳል ባይ ነኝ። ባትሪው ስንት ዙር እንደሚቆይ እያወቁ በካርቶኑ ላይ አለመጻፍም የዚሁ ስፍር ወገን ነው።

ርካሽ መብራት ድሃውን ከጨለማ አውጥቶታል፣ ውዱን የሚፈልግ ይግዛ የሚል ክርክር ይነሣል። የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው፤ ቀላል የሚባልም አይደለም። ነገር ግን ያልተነገረውን ነገር መርጦ የሚገዛ የለም፤ በየሁለት ዓመቱ አዲስ መብራት የሚገዛው ድሃ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ይበዛል። ከዚህም ሌላ መብራቱ የገዢው ብቻ ጉዳይ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይመጣ ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ያዛል። ትእዛዙ የሚወድቀው ሰው ይጠንቀቅ ብሎ አልጀመረም፤ በሠሪው ጀመረ።

ጠንካራው መቃወሚያ የውሃው ነገር ነው፦ ባትሪው የሚታሸገው ዝናብ እንዳይገባ ነው ይላሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብ ከ2027 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ውስጥ ያለውን ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ እንዲቀይር ይጠይቃል፤ በዋናነት ውሃ በሚረጭበት ቦታ እንዲሠሩና እንዲታጠቡ ተብለው ለተሠሩ ዕቃዎች ግን መቀየሩን ለባለሙያ የሚተው ልዩ ፈቃድ አለው። የብስክሌት መብራት ሠሪዎች በዚህ ፈቃድ ሊከለሉ አይገባም። ጠላቂዎች ባሕር ውስጥ ይዘውት የሚወርዱት ብዙው የእጅ ባትሪ ክዳኑ በእጅ ይፈታል፤ ውሃውን የሚከለክለው በክዳኑ ጥርስ ሥር የሚገባ ክብ ጎማ ነው፤ 18650 ባትሪው ወጥቶ ሌላ ይገባል። ያ ጎማ የብዙ ሜትር ጥልቀት ውሃ ግፊት ከቻለ፣ የብስክሌት መብራትን ከዝናብ ለመጠበቅ ባትሪውን በሙጫ መቅበር ግድ ነው የሚለው ምክንያት አይቆምም።