ስለ ሯጭ ጽናትና ስለ አእምሮ መድኃኒት

ጽናት ምን እንደ ሆነ ለመንዝና ለግሼ ደገኛ ማስተማር የሚያስፈልግ አይመስልም። ብዙው ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ አገር ገብስ ዘርቶ፥ በግ ጠብቆ፥ ውርጩን በባናና በዝተት ተከላክሎ የሚኖር ሕዝብ ነገሩን በቃል ሳይሆን በኑሮ ተምሮታል። የመርሐ ቤቴም ሰው ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ወደ ጀማ ወይም ወደ ወንጪት በረሃ ወርዶ የማዶውን ዐቀበት በወጣ ቍጥር ያው ትምህርት ይደገምለታል። ስለዚህ በዚህ አገር ጽኑ ሰው የሚባለው ሳያጕረመርም የሚሸከም፥ ታሞ የማይተኛ፥ ተርቦ የማይናገር ነው። ይህ ምስጋና ለብዙዎች የተገባ ነው። ዳሩ ግን ይኸው ምስጋና ሊገድለው የሚችል አንድ ዐይነት ሰው አለ፤ እርሱም የረዥም ርቀት ሩጫ እየተለማመደ ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ከመሐል ሜዳ አንድ ወጣት ይታሰብ፤ ስም መስጠት አያስፈልግም፥ እርሱን የመሰለ በየከተማው አይጠፋምና። መሮጥ የጀመረው በ18 ዓመቱ ነው። በ20 ዓመቱ አንድ ክረምት እንቅልፍ ተለየው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይሮጥ ጀመር፤ ንግግሩ ፈጠነ፤ ገንዘቡንና ልብሱን ላገኘው ሁሉ በተነ፤ ድካም የሚባል ነገር ከሰውነቱ ጨርሶ የወጣ መሰለው። ሁለት ወር ሳይሞላ ይህ ሁሉ ተገለበጠ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ለመነሣት ቀርቶ ለመብላትም ፈቃድ ዐጣ፤ እንዲህም ሆኖ ስድስት ወር ቈየ። ሐኪሞች ይህን ሕመም ባይፖላር ይሉታል፤ ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበት፥ ተመልሶም ከልክ በታች የሚወርድበት ማለት ነው። ሊቲየም የሚባል መድኃኒትና ማታ ማታ የሚዋጥ፥ እንቅልፍ የሚያመጣ ሌላ መድኃኒት ታዘዘለት። ተሻለው፤ ጫማውንም አጥልቆ ወደ መንገዱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። ሰዎች፥ «እንግዲህ የሚሮጠው እርሱ ነው ወይስ መድኃኒቱ?» ይላሉ። እርሱ ግን በልቡ ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ «ይህን ኪኒን ብተወው እንደ ቀድሞው ሰውነቴ አይቀለኝምን?» ይላል።

የፊተኛው ጥያቄ ከሚመስለው ይልቅ ቀላል ነው። አበበ ቢቂላ በ1924 ዓ.ም. በሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ የቶኪዮ ውድድር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ትርፍ አንጀቱ ታሞ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን በቶኪዮ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ፥ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ድሉ የቀዶ ሐኪሙ ነው ሊል የደፈረ አይታወቅም። ቢላዋው የሚያግደውን አወጣለት እንጂ አንዲት እርምጃ አልሮጠለትም። የውድድር ሕግም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒቶች ኤጀንሲ በየዓመቱ በሚያወጣው የክልከላ ዝርዝር ውስጥ ሊቲየም የለም፤ ለድባቴና ለአእምሮ መታወክ የሚሰጡት የተለመዱት መድኃኒቶችም የሉበትም። የሚከለከሉት እንደ አንዳንድ ሰውነትን የሚያነቃቁ መድኃኒቶች ያሉት ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ለሕክምና የግድ ሲያስፈልጉ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥርዐት አላቸው።

አስተዋይ ተከራካሪ ግን በዚህ ዝም አይልም። ትርፍ አንጀት ከሰው ቢወጣ ሰውየው ያው ሰው ነው፤ አእምሮ ግን ሰውየው ራሱ ነው፤ ፈቃድና ጽናት ከዚያ ይመነጫሉና አእምሮን የሚያክም መድኃኒት ፈቃድን ራሱን ይነካል ይላል። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ በችኰላም ሊመለስ አይገባውም። የሚመለሰውም ሕመሙ ራሱ ምን እንዳደረገ በመመልከት ነው። ያ ወጣት ፊቱን ወደ ግድግዳ ባዞረ ጊዜ ፈቃዱ የት ነበረ? ልብሱና ገንዘቡስ የተበተነው በማን ፈቃድ ነው? መድኃኒቱ ባለቤቱን አስወጥቶ ቤት የያዘ እንግዳ አይደለም፤ ቤቱን የያዘውን ሌባ አባርሮ ቍልፉን ለባለቤቱ የመለሰ ነው። ባለቤቱ ከገባ በኋላ ቤቱን የሚጠርገው ራሱ ባለቤቱ ነው። በመንዝ ውርጭ ንጋት ላይ ሰውን ከባናው ውስጥ አውጥቶ መንገድ ላይ የሚያቆም ኪኒን እስካሁን አልተሠራም።

ይልቁንም መድኃኒቱ በሯጩ ላይ ሸክም ይጨምራል። ሊቲየም እጅ ያንቀጠቅጣል፥ ውሃ ያስጠማል፥ ሽንት ያበዛል፥ ክብደትም ሊጨምር ይችላል። ለሌላ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት እንደ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ያሉት ደግሞ እንቅልፍ ያመጣሉ፥ ጡንቻ ያገትራሉ፥ ሰውነት ሙቀቱን የሚያስተካክልበትንም ኀይል ያዳክማሉ። ይህ የመጨረሻው በጓሳ ብርድ ላይታወቅ ይችላል፤ ያው ሯጭ ወደ ጀማ በረሃ በቀትር ቢወርድ ግን ብርቱ አደጋ ነው። ስለዚህ መድኃኒት እየወሰደ የሚሮጠው ሰው ከባልንጀሮቹ ያነሰ ጽናት አለው የሚለው ፍርድ የተገለበጠ ፍርድ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን የበለጠ ይከብዳል፤ ጠያቂው ራሱ ሕመምተኛው ነውና። ያን ክረምት ቤተ ሰቡ ሲያስታውሱት የሚታያቸው የተበተነው ገንዘብና የሌሊቱ ጩኸት ነው። እርሱ የሚያስታውሰው ግን ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ የሚወስደውን ዐቀበት እንደ ሜዳ የወጣበትን ጧት ነው። እንደዚያ ያለ ጧት ከዚያ ወዲህ አልመጣለትም። እንግዲህ ወዳጆቹ «ምንም አልጐደለብህም» ብለው ሊያጽናኑት ቢሞክሩ ሐሰት መናገራቸው ነው። ጐድሎበታል። ቀድሞ ከፊት ይወጣ የነበረ ሯጭ በመድኃኒቱ ምክንያት ከመካከል ሊቀር ይችላል፤ ይህንንም እውነት የማይቀበል መካሪ ሁለተኛ ምክር ለመስጠት እምነት አያገኝም።

ያ ኀይል የርሱ አልነበረምን ቢባል የርሱ ነበረ። ነገር ግን በአራጣ የተበደረው ነበር፤ ወለዱም የስድስት ወር መኝታ ሆነ። በዚህ ነገር የመንዝ ሰው ከገዛ አገሩ የተሻለ መምህር አያገኝም። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለከብትም ግጦሽ የሚሆን ሀብት ነው። የጥንት አባቶች ግን በፈለጉት ቀን አላጨዱትም፤ ለዓመታት እየዘጉና ጠባቂ እያቆሙ፥ በሥርዐት ሲከፈት ብቻ ይጠቀሙበት ነበር። ያ ሥርዐት በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ፈረሰ፤ ከዘመን በኋላም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። ጓሳው ተዘግቶ በከረመበት ዘመን ማንም «ይህ ሣር የእኛ አይደለም» አላለም። የታገደ ኀይልም እንደዚሁ የባለቤቱ ነው፤ ያለ ዕገዳ የታጨደው ግን ለከርሞ አይተርፍም።

ይህ ማለት ሕመምተኛው የታዘዘለትን ሁሉ አፉን ዘግቶ ይዋጥ ማለት አይደለም። መጠኑ ሊለወጥ፥ ሰዓቱ ሊዛወር፥ መድኃኒቱም በሌላ ሊተካ ይችላል፤ የሊቲየም መጠን በደም ምርመራ የሚታወቅ ነውና ነገሩ በግምት አይሠራም። ሯጩ ለሐኪሙ «እግሬ ከበደኝ፥ ጧት መነሣት አቃተኝ» ብሎ መናገር ይገባዋል፤ ሐኪሙም ይህን እንደ ቅንጦት ሳይቈጥር መስማት ይገባዋል። እንቅልፍ መኖሩን ብቻ ጠይቆ የሚያሰናብት ሐኪም የሥራውን ግማሽ ሠርቷል፤ ምንም እንኳ በደጁ የተሰለፈው ሕዝብ ብዛት ቢያመካኘው። መድኃኒትን በስውር ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ሊቲየም በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ፈጥኖ የመመለሱ ዕድል ይበዛል፥ ራስን የማጥፋትም አደጋ ያይላል። ለአንድ ውድድር ሲባል የሚጣለው ይህ ነው።

ሩጫውን ይተወው የሚሉም አሉ፤ ይህ ምክር ከፍቅር የመጣ ቢሆንም አይረዳም። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት እነዚህ ሰዎች ከሚጠበቀው ዕድሜ ወደ 30 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ ግማሽ ያህሉን የገደላቸውም ተላላፊ በሽታ ነበር። ለሥጋው የሚያስብለት የሌለው ሕመምተኛ እንዲህ ነው የሚያልቀው። ሰውነትን ማንቀሳቀስ ድባቴን እንደሚያቀልና መድኃኒቱ የሚያመጣውንም ውፍረት ለመቀነስ እንደሚያግዝ ሐኪሞች ይመሰክራሉ። በሕመሙ የተነሣ ብዙ ነገር የተወሰደበትን ሰው የቀረችውን አንዲት ደስታ ቀምቶ «ዕረፍ» ማለት ከባድ ዕረፍት ነው።

ለካህናት በተለይ የሚሆን አንድ ነገር አለ። ሰውነት ውሃና ጨው ሲያንሰው ኩላሊት ሊቲየሙን ይዞ ስለሚያስቀር፥ ሲጠቅም የነበረው መጠን ወደ መርዝነት ሊደርስ ይችላል፤ የመድኃኒቱ ልክ ጠባብ ነውና። እንግዲህ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚሮጥ፥ ላቡንም የሚያፈስ ወጣት በሰው የማይታይ አደጋ ላይ ነው። እርሱ ይህን ጽናት ይለዋል። ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ የሚቀልለት መሆኑን ፍትሐ ነገሥት ያውቃል፤ የንስሐ አባቱ ግን ሕመሙን ካልሰማ ምን ሊፈታለት ይችላል? ስለ ጠበልም ቢሆን ነገሩ የተዘጋ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መክረዋል፤ በእንጦጦም የጠበል አገልጋዮችና የአእምሮ ሐኪሞች አብረው የሠሩበት ጊዜ አለ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚወቅሰው ደባቂውን ብቻ ነው፥ ያስደበቁትን አይነካም። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ዋና የአእምሮ ሕክምና ቤት ሆኖ ኖረ፤ «አማኑኤል ገብቶ ነበር» የሚለው ቃልም መሰደቢያ ሆነ። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ማለት የሆነው ስም ሰውን ከሰው መለያ መሆኑ ለሚያስብ ሰው ያሳፍራል። እንዲህ ባለ ስድብ መካከል ወጣቱ ኪኒኑን በኪሱ ሸሽጎ ቢዞር የሚደነቅ አይደለም። አሠልጣኙ ሳያውቅ ልምምድ ያከብድበታል፤ ባልንጀራውም ሳያውቅ በቀትር ወደ ቈላ ይዞት ይወርዳል።

በሌላ አገር ነገሩን የገለጠ ሰው ተገኝቷል። ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ አልማዝ አያና 10000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ከ45 መቶኛ ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር፥ በዚያው ውድድር አሌክሲ ፓፓስ የምትባል ሯጭ ለግሪክ ሮጣ የግሪክን ክብረ ወሰን አሻሽላ ነበር። ከዚያ ድል በኋላ ይህች ሴት በከባድ ድባቴ ወደቀች፤ ታከመች፤ ዳነችም። አልሸሸገችውም፤ አእምሮም እንደ እግር ሊቈስል፥ እንደ እግርም ጊዜ ተሰጥቶት ሊድን እንደሚችል ሐኪሟ የነገራትን ለሕዝብ ተናገረች፥ ጻፈችም። ሯጭ እግሩ ሲሰበር ማንም አያሾፍበትም።

የመሐል ሜዳው ወጣት ግን ሊሸሽግ ቢፈልግም ሰዓቱ ይገልጠዋል። የማታው መድኃኒት እስከ ጧት ድረስ ዐይኑን ስለሚጫነው ከባልንጀሮቹ ጋር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሊነሣ አይችልም። ሁለት ወር ያህል ታገለ፤ አንዳንድ ማታም ኪኒኑን ሳይውጥ አደረ፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረም። በመጨረሻ ለሐኪሙ ነገረው፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን ከመኝታ ሰዓት ቀደም አድርጎ በምሽት እንዲወስደው፥ ሩጫውንም ወደ ረፋድ እንዲያዛውረው መከረው። አሁን የሚወጣው ከረፋዱ በ4 ሰዓት፥ ፀሐይ ውርጩን ካነሣች በኋላ ነው። ሌሎቹ ሮጠው ተመልሰው በየደጁ ተቀምጠዋል፤ ገበያተኛውም መንገዱን ሞልቶታል። ሰው ሁሉ በዚያ ሰዓት ለምን ብቻውን እንደሚሮጥ ይጠይቃል፤ እርሱም በኪሱ ውሃ የያዘች ኮዳ ይዞ በመካከላቸው ያልፋል።