ድመቷን ከማባረራችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ሚስት ስታረግዝ ድመቷን በጆንያ ቋጥሮ ወንዝ ማዶ የሚጥል ሰው አለ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ፍርዱ ግን የችኮላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ነፍሰ ጡሯን የሚያሰጋት ቶክሶፕላዝማ የሚሉት ረቂቅ ጥገኛ ነው። በድመቷ አንጀት ይራባል፣ በዐይነ ምድሯም ይወጣል። የምታወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በያዛት ሰሞን፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ብቻ ነው። የወጣውም ወዲያው አይጎዳም፤ እስኪበስል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ይህኛው ግን እግር የሚያበቅለው እኛ ስንሰንፍ ነው። አሸዋዋን በየቀኑ ያጸዳ ሰው ቀድሞታል። ሥራውን ባል ይያዘው፣ ነፍሰ ጡሯ ትረፍ። ደግሞስ እውነቱን እንነጋገር፤ ድመቷን አባሮ ጥሬ ሥጋ ለሚቆርጥ፣ ሰላጣውን ሳያጥብ ለሚበላ ቤት ምን ተረፈው? ያው ጥገኛ በዚያም በር ይገባል።

ብዙ ቤት የሚበደለው ግን በድመቷ ግልገሎች ነው። ሆዷ ተነፍቶ ጀርባዋ የከሳ፣ ጸጉሯ የቆመ ግልገል ስታዩ ጠገበች አትበሉ፤ ወስፋት ነው። ከእናቷ ወተት ጋር ጠብታዋለች። ስለዚህ መድኃኒቱ ገና በ2 ሳምንቷ ተጀምሮ በየ2 ሳምንቱ ይደገማል፤ እናቲቱም አብራ ትውሰድ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። እንቁላሉ አንዴ ጓሮ ከወረደ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ በዚያ አፈር የሚጫወተው ደግሞ ልጃችን ነው። እጁን ሳይታጠብ ከበላ ትሉ በአካሉ ውስጥ ተንከራትቶ፣ አልፎ አልፎም ዐይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

በድመቷ መቀመጫ ዙሪያ ሰሊጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ የኮሶ ትል ዘመድ ነው። የሚያመጣው ቁንጫ ነው፤ ድመቷ ገላዋን ስትልስ ከነትሉ ትውጠዋለች። አይጥም የራሷን ዓይነት ታቀብላታለች። ቁንጫውን ትቶ ትሉን ብቻ ማከም ከንቱ ድካም ነው፣ ሳይቆይ ይመለሳል። የወስፋት መድኃኒትም ሁሉ ይህን አይገድልም። አያቶቻችን ለራሳቸው የጠጡትን ኮሶ በዐይን መጥናችሁ አትጋቷት። ለውሻ የተሠራውንም የቁንጫ መድኃኒት አትቀቧት፤ ፐርሜትሪን ካለበት ሊገድላት ይችላል።

ብዙ ድመት ሰብስባችሁ የምታስጠልሉ ደጋጎች፣ አዲስ የመጣችውን ሳትመረመር ከነባሮቹ አትቀላቅሉ። ተቅማጥ የያዛትንም ለብቻዋ አድርጉ እንጂ አትሸሽጉ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ተቅማጥ የሚያመጣው ጃርዲያ የተባለ ጥገኛ በአንድ የአሸዋ ሣጥን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይሻገራል። ትኩስ ዐይነ ምድሯን በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት፤ ክብደቷንም ይመዝን፣ መድኃኒቱ የሚሰጠው በክብደቷ ልክ ነውና።