ፒስተኑ አልገባም ሲል

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደንበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልት የመኪና ብቻ አይደለም። በገበያ ቀን በርበሬ የጫነ አህያ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ የሚነዳ ከብት፣ ዳር ዳሩን ይዞ በእግሩ የሚጓዘው ገበያተኛ ሁሉ ይካፈለዋል። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የታጠፈ ደግሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ሲወርድ ሕይወቱን ለፍሬኑ ይሰጣል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ መኪና በክሪክ ተነሥቶ የሚሠራ ፍሬን የባለቤቱ የግል ጉዳይ ነው ለማለት ይከብዳል። ባለቤቱ በገዛ እጁ በሠራው ፍሬን ሰው ቢጎዳ በእግዚአብሔር ፊት ምን ያህል ይጠየቃል? «አላወቅሁም» ማለትስ እስከ የት ያድነዋል?

ነገሩን ለመመዘን ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አዲስ ሸራ ከአለቀው ስለሚወፍር ቦታ እንዲያገኝ የካሊፐሩ ፒስተን ወደ ውስጥ መመለስ አለበት። የፊቱ አያስቸግርም፤ በሞርሳ ቀስ እያሉ ሲያጠብቁት ቀጥ ብሎ ይገባል። የኋላው ግን በብዙ መኪኖች ሌላ ነው። እጅ ፍሬኑ እዚያው ካሊፐሩ ውስጥ ከተሠራ ፒስተኑ ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ የተጠመደ ነውና እየተጫኑ እያዞሩ ነው የሚመልሱት። አብዛኛው ወደ ቀኝ ሲዞር ይገባል፤ በአንዳንድ መኪና ግን አንደኛው ጎን ወደ ግራ ነው። እጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ አስቀድሞ ለጥገና ወደ ኋላ እንዲመለስ መታዘዝ አለበት፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሚገቡት በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ስለሆኑ የዚህ ዓይነቱ እጅ ፍሬን እየበዛ ነው። መዞር ያለበትን ፒስተን በጉልበት ቀጥ አድርጎ የተጫነ ሰው ውስጡ ያለውን ማስተካከያ ሊሰብር፣ ጎሚኒውንም ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ በኋላ እጅ ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ አይዝም፣ ወይም ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ እየፈተገ ይግላል። መኪናው ከግቢ ሲወጣ ግን ደህና ይመስላል፤ ጥፋቱን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ኦሪት ለዚህ ጉዳይ ሁለት ሕጎች አሏት፤ ሲያዩዋቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። በዘዳግም 19 እንጨት ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው ጥላቻ አልነበረውምና ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ በሕይወት ይኖራል። በዘጸአት 21 ደግሞ በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ በሬው ተዋጊ መሆኑ ቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን በራሱ ነፍስ ይጠየቃል። ከመጥረቢያው ባለቤትም ከበሬው ባለቤትም ክፋት የለም። የለያቸው አስቀድሞ መነገሩ ነው። የጎጃም ገበሬ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ መግለጥ አያሻውም፤ ተዋጊ በሬ ያለው ሰው ጎረቤት ምን እንደሚለው ያውቃል።

በእኔ አስተሳሰብ ፍሬን የሚሠራው ሰው ከሁለቱ የሚመስለው የበሬውን ባለቤት ነው፤ ምክንያቱም ፒስተኑ ነግሮታል። የፊቱ ሁለቱ ያለ ችግር ገብተው የኋላው እምቢ ሲል ብረቱ «እኔ እንደዚያኛው አይደለሁም» ማለቱ ነው። ይህን ሰምቶ ረዘም ያለ ቧንቧ ሞርሳው ላይ ሰክቶ የሚጫን ሰው አላወቅሁም ማለት አይችልም። ሳይታገለው በአንድ ግፊት የገባለትስ? የእሱ ጥፋት አነስ ይላል፤ ባዶ ግን አይሆንም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቸልተኛ የሚለው አደጋው ታይቶት የናቀውን ብቻ አይደለም፤ ማየት ሲችልና ሲገባው ያላየውንም ነው። ለአንድ መካኒክ ደውሎ በመጠየቅ ሊጠፋ ይችል የነበረ አለማወቅ፣ በመጥረቢያ ውስጥ ተደብቆ ከቆየ ስንጥቅ ጋር አንድ ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ ከጋራዥ ሳይሆን ከእምነት የሚመጣው ነው፦ ቀኑ ካልደረሰ ማንም አይሞትም፤ ከደረሰም ፍሬን አያስቀረውም። ይህን የሚሉ ሰዎች ቀልደኞች አይደሉም፤ መኪናቸውን ጸበል አስረጭተው ሥዕለ ማርያም የሰቀሉ ናቸው። ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ መሆኑን ከማይጠራጠር ሕዝብ ግን ያው እግዚአብሔር በዘዳግም 22 አዲስ ቤት ሲሠራ ሰው እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ጠይቋል፤ ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ነው። ጌታም ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ያነሡሃል ሲባል እምቢ አለ። መላእክት አያነሡትም ብሎ አይደለም፤ ጥበቃን መፈተን እምነት ስላልሆነ ነው። ደግሞስ ወርውር የተባለው ራሱን ነበር፤ ፍሬን የሚያበላሽ ሰው የሚወረውረው ሌላውን ነው።

ጋራዥ ሩቅ ነው፣ ገንዘብም የለም የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ እውነትም ነው። በገዛ እጅ መሥራት ኃጢአት ነው ያለ የለም፤ ማዞሪያ መሣሪያ መዋስ፣ መጠየቅ፣ ከመንዳት በፊት ፔዳሉን ጠንከር እስኪል ደጋግሞ መርገጥ፣ እጅ ፍሬኑን ዳገት ላይ መሞከር ብዙ ወጪ አይፈልጉም። ይህን ሁሉ አድርጎ የተሰበረበት ሰው በእኔ ሚዛን የመጥረቢያው ሰው ነው፤ መማጸኛ ይገባዋል። ሕጉ ግን ያኔም አይለቀውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንስሳን ባለቤት በአንቀጽ 2071፣ የመኪናን ባለቤት በአንቀጽ 2081 ጎን ለጎን አስቀምጦ ጥፋት ባይኖርባቸውም ካሣ ያስከፍላቸዋል። ይህ ተገቢ ነው፤ የተጎጂው ሕክምና የባለቤቱን ኅሊና መንጻት አይጠብቅምና። ካሣ መክፈልና መበደል ግን አንድ አይደሉም።

ሕጉ የማይደርስበት ስፍራም አለ። መኪናው በቅጥር ሾፌር የሚነዳ ከሆነ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ተይዞ የሚጠየቀው መሪው ላይ የተገኘው ነው፤ ፒስተኑን በጉልበት ያስገባው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ዝም ሊል ይችላል። ለመቀናጆ በሬውን ሲያመጣ መዋጋቱን የደበቀ ገበሬ ከዚህ የተለየ አላደረገም። ስለዚህ ያ ሰው ለሾፌሩ፣ ሲሸጠውም ለገዢው፣ «የኋላ ቀኙን በጉልበት ነው ያስገባሁት፤ እስኪታይ ድረስ ዳገት ላይ እጅ ፍሬኑን አትመን» የማለት ዕዳ አለበት፤ ይህ ዕዳ ካሊፐሩ እስኪቀየር ድረስ ከእሱ አይወርድም።